የሻወር ትሬይ ዋጋ ትሬዩ ላይ አይደለም



ዛሬ የቡናና የሰሊጥ ዋጋ ይቆየንና ስለ ሻወር ትሬይ ላውራ። "ምን አገናኘው?" የምትሉ ትኖራላችሁ። የሚያገናኘው ገንዘቡ ነው። ሽያጭ አልቆ ክፍያ ሲገባ የብዙዎቻችን ብር የሚሄደው ወደ ሕንፃ ነው። ነጋዴው የሚያከራየውን ፎቅ ያድሳል፣ ላኪው የሠራተኛ ማደሪያ ይሠራል፣ ዩኒየኑ የእንግዳ ማረፊያውን ያስተካክላል። ሰሞኑን በውስጥ መስመር የደረሱኝ ጥያቄዎችም ተመሳሳይ ናቸው። ፕሮፎርማ ተሰብስቧል፤ አንዱ አክሪሊክ ነው፣ አንዱ "ስቶን" ይላል፣ አንዱ ባለ ኢናሜል ብረት ነው። "የቱ ያዋጣል?" ነው ነገሩ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። የሻወር ትሬይ በፕሮፎርማው ላይ በተጻፈው የአንዱ ዋጋ መመረጥ የለበትም። ሰው የሚያየው ትሬዩን ነው፤ ገንዘብ የሚበላው ግን ከሥሩ ያለው ነው። ሲፎኑ፣ የፍሳሽ ቱቦው፣ መደላድሉ፣ የውሃ መከላከያው ማለቴ ነው። ይሄ ሁሉ አንዴ በሴራሚክ ከተሸፈነ በኋላ ችግር ቢመጣ ሳይሰበር አይታይም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት "ትሬዩ ስንት ነው?" ሳይሆን "ትሬዩ ገብቶ፣ ውሃ ሳያስገባ፣ አሥር ዓመት ለመቆየት ስንት ይፈጃል?" የሚለው ነው።

እናንተ ይሄን አስተሳሰብ ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። "ቡና፣ 320 ጆንያ" ብሎ ብቻ ውል የሚፈርም ላኪ አይቼ አላውቅም። ደረጃው፣ የእርጥበት መጠኑ፣ የምርት ዘመኑ፣ ማስረከቢያው ተለይቶ ይጻፋል። መታጠቢያ ቤት ላይ ሲደርስ ግን ያው ሰው "ሻወር ትሬይ፣ 90 በ90፣ ብዛት 24" ብሎ ይጽፍና ዝቅተኛውን ዋጋ ይወስዳል። ሻጩም የተጠየቀውን ያቀርባል። 90 በ90 ነው፣ 24 ነው፣ ነጭ ነው። ስስ መሆኑን የከለከለ ነገር የለም።

ዋጋው ከየት ይመጣል?

ገበያችን ላይ የምናየው ትሬይ አብዛኛው ከውጭ የገባ ነው፤ ስለዚህ ዶላርን ይከተላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ይሄንን ለናንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ላኪው በዚህ በኩል ያገኘውን፣ ሳኒተሪ ሲገዛ በዚያ በኩል ይመልሰዋል። በላዩ ላይ የጉምሩክ ቀረጥ፣ ሱር ታክስና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ።

ሌላው የማጓጓዣው ጉዳይ ነው። ቡና በ20 ጫማ ኮንቴይነር 320 ጆንያ ስንጭን 19.2 ቶን ይሆናል፤ የከፈልንበትን ኮንቴይነር በደንብ ተጠቅመንበታል። አክሪሊክ ትሬይ እንዲህ አይደለም። ሰፊና ቀላል ስለሆነ ኮንቴይነሩ ክብደቱ ገና ሳይነካ ቦታው ይሞላል። ማለትም ለዕቃው ብቻ ሳይሆን ለያዘው ቦታም እየከፈላችሁ ነው። ስለዚህ ዋጋ ለመቀነስ የሚፈልግ ፋብሪካ ወይም አስመጪ መርከቡን መቀነስ አይችልም፤ የሚቀንሰው ከዕቃው ነው። የአክሪሊኩ ሉህ ይሳሳል፣ ከጀርባው ያለው የፋይበርግላስ ማጠናከሪያ ይቀንሳል። በፎቶ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው።

የብር አሃዝ የማልጽፈው ሆን ብዬ ነው። ፕሮፎርማ ራሱ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት በሆነበት ገበያ ዛሬ የጻፍኩት አሃዝ ሳምንት ሳይሞላው ያሳስታችኋል። የማይለወጠው የዕቃው ጠባይ ነውና ወደሱ እንሂድ።

ዓይነቶቹ

አክሪሊክ፦ የፕላስቲክ ሉህ በሙቀት ተቀርጾ ከጀርባው በፋይበርግላስና በሬዚን ይጠናከራል። ለአንድ ሰው ሸክም ቀላል ነው፣ እግር ሲነካው አይቀዘቅዝም፣ ትንሽ ጭረት በማለስለሻ ይጠፋል። ድክመቱ መታጠፉ ነው። ከሥሩ ባዶ ቦታ ካለ ሰው በቆመበት ቁጥር ይረግባል። እየረገበ ሲመለስ ከግድግዳው ጋር ያገናኘው ሲሊኮን ቀስ በቀስ ይላቀቃል። ከዚያ በኋላ ውሃው ስንጥቁን ተከትሎ ይገባል፤ እናንተም የምታውቁት የታችኛው ፎቅ ኮርኒስ ሲበላሽ ነው። ስለዚህ አክሪሊክ በእግር ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ሳይሆን ከሥሩ በሞርታር ተደላድሎ መቀመጥ አለበት። አምራቹ ሌላ አገጣጠም ካዘዘ ደግሞ የሱ መመሪያ ይከበር።

ስቶን ሬዚን፦ ነጋዴው "ስቶን" ይለዋል እንጂ ድንጋይ አይደለም፤ የማዕድን ዱቄት ከሬዚን ጋር ተቀላቅሎ የተጣለ ነው። አይታጠፍም፣ ዝቅ ብሎ መቀመጥ ይችላል፣ አንዳንዱ ዓይነት በቦታው ተቆርጦ ይስተካከላል። ግን ከባድ ነው፤ ትልቁን መጠን አንድ ሰው ደረጃ ሊያወጣው አይችልም። ወለሉ ካልተስተካከለ ወይም ከባድ ዕቃ ከወደቀበት ሊሰነጠቅ ይችላል። ከአዲስ አበባ ወደ ክልል የምትወስዱ ከሆነ የመንገድ ስብራት ማን ላይ እንደሚወድቅ በጽሑፍ ይኑር።

ባለ ኢናሜል ብረት፦ ላዩ ጠንካራ ነው፣ በቀላሉ አይጫርም፣ የጽዳት ኬሚካል ይችላል። ኢናሜሉ አንድ ቦታ ከተፈለጠ ግን ብረቱ ዝገት ይጀምረዋል። ውሃ ሲወርድበትም ይጮኻል። ለማከራያ ክፍል ተመራጭ የማላደርገው ለዚህ ነው፤ ተከራይ ባልዲ ይጥላል።

እዚያው የሚሠራ፦ ተዳፋት ተሰጥቶት፣ ውሃ መከላከያ ተቀብቶ ወይም ተነጥፎ፣ ላዩ በሴራሚክ፣ በቴራዞ ወይም በአገራችን እብነ በረድ የሚጠናቀቅ ወለል ማለት ነው። ከውጭ የሚገባው ዕቃ ያንሳል፣ ልኩ እንደ ክፍሉ ይሆናል፣ ደረጃ ሳይኖረውም ሊሠራ ይችላል። ጥሩ ሲሠራ ከሁሉም የምወደው ይሄንን ነው። እብነ በረድ ከመረጣችሁ ግን አሲድነት ያለው ማጽጃ እንደሚበላው ለጽዳት ሠራተኞቹ ንገሯቸው።

የዚህ የመጨረሻው ድክመት ሰው ነው። ብዙ ሰው ሴራሚክ ራሱ ውሃ የሚከለክል ይመስለዋል። ሴራሚኩ ቢከለክልም በሴራሚኮቹ መሃል የሚሞላው ግራውት ውሃ ያሳልፋል። የሚከለክለው ከሥር ያለው ሽፋን ነው፤ እሱም ወለሉ ላይ ብቻ ቀርቶ መቆም የለበትም፣ በግድግዳው ላይ ወደ ላይ መታጠፍ አለበት። 15 ሴንቲሜትር በታች አትቀበሉ፤ ሻወሩ የሚረጭበት ግድግዳ ደግሞ ከዚያም በላይ መቀባት አለበት። ጊዜ ሲያጥር መጀመሪያ የሚዘለለው ይሄ ሥራ ነው፤ ምክንያቱም ሴራሚክ ከተነጠፈ በኋላ ማንም አያየውም።

መጀመሪያ የሚለካው ከፍታው ነው

ትሬይ ከመምረጣችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ግቡ። በነባር ሕንፃ ላይ የሚወስነው የፍሳሽ ቁም ቱቦው ያለበት ቦታ ነው። ለሻወር 50 ሚሊ ሜትር የሆነ የፍሳሽ ቱቦ ያዙ፤ ተዳፋቱ በአንድ ሜትር 2 ሴንቲሜትር ያህል ይሁን። ሻወሩ ከቁም ቱቦው 2 ሜትር ከራቀ ለተዳፋቱ ብቻ 4 ሴንቲሜትር ሄደ ማለት ነው። በዚያ ላይ መደበኛ ሲፎን ከ8 እስከ 10 ሴንቲሜትር ይፈልጋል። አንድ ላይ ከ12 እስከ 14 ሴንቲሜትር ይሆናል።

በአዲስ ሕንፃ ይሄ አስቀድሞ ይታሰብለታል። በነባር ፎቅ ላይ ግን ይህን ከፍታ ከየት ታመጣላችሁ? አርማታውን ጠርቦ ቱቦ መቅበር የሚባለውን ሐሳብ እርሱት፤ የሕንፃውን ብረት መንካት ነው። የሚቀረው ወለሉን ማንሳት ወይም ትሬዩን በደረጃ ላይ ማስቀመጥ ነው። ዝቅ ያለ ሲፎንም አለ፤ ጥቂት ሴንቲሜትር ያተርፋል።

እንግዲህ "ዘመናዊና ከወለል እኩል" ተብሎ የተሸጠላችሁ 3 ሴንቲሜትር ትሬይ ብዙ ጊዜ ዋጋ የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ትሬዩ 3 ሴንቲሜትር ነው፤ ከሥሩ ያለው ሥራ ግን 12 ነው። ዩኒየኖች በተለይ ይሄንን አስቡበት። ማረፊያችሁ ውስጥ የሚያድሩት ለጠቅላላ ጉባኤ የሚመጡ የአባላት ተወካዮች ናቸው፤ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ አባቶችና እናቶች ናቸው። እርጥብ እግር ይዞ 14 ሴንቲሜትር መውረድ ለነሱ ቀላል ነገር አይደለም። ደረጃው የግድ ከሆነ መያዣ እጀታ ግድግዳው ላይ ይታሰር፣ የትሬዩም ወለል የማያንሸራትት ይሁን። ለባዶ እግር የሚሰጥ የጀርመን የመንሸራተት ደረጃ አለ፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ይባላል፤ ለሻወር ቢ ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀው ናሙናውን አርጥባችሁ በእጃችሁ ፈትሹት። ቡና ሳትቀምሱ አትገዙ የለ?

የኛ ውሃ እንደ ካታሎጉ አይደለም

ካታሎግ ላይ ያለው ሰው ውሃው ከላይ በዝግታ ይወርድበታል። እኛ ጋ ውሃ ይጠፋል፤ ውሃ ሲጠፋ ደግሞ መታጠብ በባልዲና በጆግ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። 90 በ90 የሆነ ትሬይ 0.81 ካሬ ሜትር ነው። 20 ሊትር ጀሪካን ባንዴ ቢደፋበት ውሃው 2.5 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ይላል። 3 ሴንቲሜትር ትሬይ ላይ ዳሩ ሁሉ ከፍታ የለውም፤ በመግቢያው በኩል ይወጣል። ስለዚህ ውሃ በሚቆራረጥበት ሰፈር ላለ ማከራያና ማደሪያ ጠርዝ ያለው ትሬይ እመርጣለሁ። ከወለል እኩል የሆነውን ከፈለጋችሁ ደግሞ ከሻወሩ ውጪ ያለው የመታጠቢያ ቤቱ ወለልም ውሃ መከላከያ ኖሮት በተዳፋት ወደ ፍሳሹ ይመለስ።

ሁለተኛው ሽታ ነው። ሲፎን የሚሠራው ውስጡ በሚቀር ውሃ ነው፤ 5 ሴንቲሜትር ያህል ውሃ የፍሳሹን ጋዝ ይዘጋል። ማንም ሳይገባበት ለሳምንታት የሚቆይ የእንግዳ ክፍል ውስጥ ያ ውሃ ይተናል። ከዚያ ክፍሉ ሲከፈት ይሸታል፤ ትሬዩ ይሰደባል። መፍትሔው ዕቃ መቀየር አይደለም። በሳምንት አንድ ጆግ ውሃ ማፍሰስን የጽዳት ሥራ ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ነው። ሲፎኑም ከላይ ተከፍቶ የሚጸዳ ዓይነት መሆኑን ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ። ፀጉር ሲዘጋው ትሬይ ማስነሳት የለባችሁም።

"ርካሹን ገዝቼ ሲበላሽ እቀይራለሁ" ለሚሉ

ይሄ ክርክር ለአምፖል ይሠራል፣ ለቧንቧ እጀታም ይሠራል። ለትሬይ ግን አይሠራም። ትሬይ ለመቀየር የመጀመሪያው ረድፍ የግድግዳ ሴራሚክ ይሰበራል፤ ሴራሚኩ ተመሳሳዩ ገበያ ላይ ካልተገኘ ግድግዳው በሙሉ ይቀየራል። ክፍሉ በዚያ ሰሞን አይከራይም። ከታች ሰው ካለ ኮርኒሱ፣ ቀለሙ፣ አንዳንዴም ዕቃው ይከፈላል። ከታች ያለው ተከራይ ሱቅ ወይም መጋዘን ከሆነ ደግሞ አስቡት፤ ጆንያ ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ምን እንደሚያደርግ ለዚህ ቻናል ሰው አይነገርም።

"እሺ፣ ውዱን ገዛሁ፤ ተገላገልኩ?" አልተገላገላችሁም። ውድ ትሬይ በመጥፎ መደላድል ላይ ከተቀመጠ ከርካሹ እኩል ያፈሳል። በጥሩ ባለሙያ የተቀመጠ መካከለኛ ትሬይ ከሁለቱም ይሻላል። እጃችሁ ላይ ያለው ብር ውስን ከሆነ ከትሬዩ ምርት ስም ቀንሱና ለሲፎኑ፣ ለውሃ መከላከያውና ለሠራተኛው ጨምሩ።

በግልጽ ለማስቀመጥ ያህል፦

ከሥሩ ሰው ወይም ዕቃ ያለበት ፎቅ ከሆነ፣ ባለሙያውንም በደንብ የማታውቁት ከሆነ፣ አንድ ወጥ ትሬይ ውሰዱ። ከጀርባው በደንብ የተጠናከረ አክሪሊክ በሞርታር ላይ፣ ወይም ስቶን ሬዚን በተስተካከለ ወለል ላይ። መገጣጠሚያው ስለሚያንስ ስህተት የሚገባበት ቦታም ያንሳል። አንድ ወጥ ትሬይ ብትወስዱም ዙሪያውንና ግድግዳውን ውሃ መከላከያ መቀባት አይቀርም።

ምድር ቤት ከሆነ፣ ሥራውን ከዚህ በፊት ያያችሁለት ባለሙያ ካለ፣ እዚያው አሠሩት። ዶላሩ ይቀንሳል፣ ብሩ እዚሁ ሰፈር ይቀራል፣ ለአረጋውያንም ደረጃ የሌለው ወለል ታገኛላችሁ።

ለግዢ ኮሚቴዎች

ኮሚቴው ዝቅተኛ ዋጋ መረጠ ተብሎ መወቀስ ያለበት አይመስለኝም። ኦዲተር ሲመጣ የሚያየው ሦስት ፕሮፎርማና ዝቅተኛውን ቁጥር ነው። ጥፋቱ ያለው ዝርዝሩ ላይ ነው፤ ዝርዝሩን የሚጽፈው ደግሞ ራሱ ኮሚቴው ነው። ስለዚህ ሳትጠይቁ በፊት እነዚህን ጻፉ። የትሬዩ ዓይነት፣ ልኩና የሉሁ ውፍረት። ሲፎኑ አብሮ ይቅረብ፤ ከላይ የሚጸዳ ይሁን። መደላድሉ በምን እንደሚሠራ ይገለጽ። የውሃ መከላከያው ዓይነትና በግድግዳው ላይ የሚወጣበት ከፍታ ይጻፍ። አንድ ናሙና አስቀድሞ ይምጣ፤ ቀሪው ከናሙናው ጋር እየተነጻጸረ ይረከብ።

ከሁሉም በላይ የውሃ ሙከራውን በውሉ አስገቡ። እዚያው ለሚሠራው ወለል፣ ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት ፍሳሹ ይደፈን፣ ውሃ ይሞላ፣ የውሃው ልክ ግድግዳው ላይ ይሰመር፣ 24 ሰዓት ይቆይ። በማግሥቱ መስመሩ ላይ ካለ፣ ከታችም እርጥበት ካልታየ ይቀጥል። ለአንድ ወጥ ትሬይ ደግሞ ከመሸፈኑ በፊት ውሃ ለቃችሁ የሲፎኑንና የቱቦውን መገጣጠሚያ በደረቅ ሶፍት ነክታችሁ እዩት። የክፍያውን 10 በመቶ ክፍሎቹ ጥቂት ወር አገልግለው እስኪታዩ ያዙ። በዚህ ውል የማይስማማ ባለሙያ ምን እንደሚፈራ ራሱ ያውቃል።

አንዳንድ ሰው "ለመታጠቢያ ቤት ይሄ ሁሉ?" ይል ይሆናል። የዩኒየን ገንዘብ የአባል ገበሬ ገንዘብ ነው። ቤቱ በጀሪካን የሚታጠብ ገበሬ ከትርፍ ክፍፍሉ ተቀንሶ የሚሠራ መታጠቢያ ቤት ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተሰብሮ እንደገና የሚሠራ ከሆነ ለሱ የሚነገረው መልስ ያስፈልጋል። "ፕሮፎርማው ዝቅተኛ ነበር" መልስ አይሆንም።

እጃችሁ ላይ ፕሮፎርማ ያለ ሰዎች ዋጋውን ሸፍናችሁ ዝርዝሩን ብቻ ላኩልኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት የተወሰኑትን ሻጩን ሳንጠቅስ አብረን እንያቸው። የቡናው ዋጋ እንደተለመደው ሰኞ ጠዋት ይወጣል።

መልካም ገበያ ይሁንላችሁ።